ከማንቸስተር በአንድ ቀን፣ ጭር ያለ ተራራ ለምትፈልጉ

ሰላም እህቴ። «ስካፌል ፓይክ፣ የእንግሊዝ ትልቁ ተራራ፣ ወጥተን ገበያ የወጣን ነው የመሰለን፤ ከማንቸስተር ሄደን በዚያው ቀን የምንመለስበት፣ ሰው ያልበዛበት ተራራ የለም ወይ? አራት ነን፣ ሁለታችን ጀማሪ» ብለሽ ነው የጠየቅሽው። አለ። በመኪና ስንት ጊዜ አልፋችሁታል።

በኤም 6 አውራ ጎዳና ወደ ኬዚክ ወይም ወደ ስኮትላንድ ስትነዱ፣ መውጫ 37ን እንዳለፋችሁ በስተቀኝ ለስላሳ፣ ዛፍ የሌላቸው፣ የተደራረቡ ኮረብቶች ታያላችሁ። ሃውጊል ይባላሉ። ሐይቅ የላቸውም፣ ፎቶ የሚነሱበት ሹል ድንጋይም የለም። ስለዚህ ሰው ዝም ብሎ ያልፋቸዋል። ደቡቡ ግማሽ ከ1954 ጀምሮ የዮርክሻየር ዴልስ ብሔራዊ ፓርክ አካል ነበር፤ ሰሜኑ የተጨመረው በ2016 ነው። እኔ ስድስት ጊዜ ወጥቻለሁ። አንድ ቅዳሜ ቀኑን ሙሉ ያገኘሁት አምስት ሰውና አንድ ውሻ ብቻ ነው።

በመውጫ 37 ወጥታችሁ ሴድበር ወደምትባለው ትንሽ ከተማ ሂዱ። አጻጻፏ መጨረሻ ላይ ሌላ ሁለት ፊደል አለው፤ አታንብቡት፣ አገሬው ሴድበር ነው የሚላት። ከማንቸስተር አንድ ሰዓት ተኩል ገደማ ትነዳላችሁ። መኪናውን እዚያው አቁሙ።

ከከተማው በላይ ያለው ዊንደር 473 ሜትር ነው። ትንፋሻችሁን የሚፈትነው እሱ ነው፤ ገና እግር ሳይፍታታ ቀጥ ያለ አቀበት። ጀማሪዎቹ እዚህ ተስፋ እንዳይቆርጡ ቀስ በሉ። ከዚያ በኋላ የኮረብቶቹን ጀርባ ይዛችሁ ነው የምትሄዱት፦ አራንት ሃው፣ ካልደርስ፣ መጨረሻ ላይ ዘ ካፍ። «ጥጃው» ማለት ነው። 676 ሜትር፣ የሃውጊል ትልቁ ጫፍ። አዲስ አበባ ላደገ ሰው ያስቃል፣ ቦሌ ራሱ ከ2,300 ሜትር በላይ ነው። ግን ነፋሱን ስትቀምሱ ሳቁ ያልቃል። ሰማዩ ከጠራ በምዕራብ የሌክ ዲስትሪክት ተራሮች ተሰልፈው ይታያሉ፣ በደቡብ ምዕራብ ደግሞ የሞርካምብ ባሕር ያብረቀርቃል።

አጥርም የለም ማለት ይቻላል። በጎቹ እረኛ የላቸውም። መጀመሪያ ቀን ይሄ ነበር የገረመኝ። ግልገሏ ከእናቷ ኋላ እየሄደች የራሷን ሰፈር ትለምዳለች፣ ካደገች በኋላም ከዚያ አትርቅም። የማን እንደሆነች የሚታወቀው በፀጉሯ ላይ በተቀባው ቀለም ነው።

ይሄን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። አገር ቤት ተራራ ላይ ብትጠፊ አንድ እረኛ ልጅ ከየት መጣ ሳትዪው «ወዴት ነው?» ይልሻል። እዚህ የሚጠይቅሽ የለም። ስካፌል ፓይክ ላይ ደግሞ ካርታ ባታነቢም የፊተኛውን ሰው ጀርባ ተከትለሽ ትወርጃለሽ። ጭር ያለ ተራራ ስትመርጪ ያንን ጀርባ ነው የምታጪው።

እኔ የደረሰብኝን ልንገርሽ። ሦስተኛ ጊዜ ስወጣ ዘ ካፍ ላይ ጭጋግ ወረደ። አሥር ሜትር አይታይም። በኮትሊ ስፓውት ፏፏቴ በኩል ልወርድ ነበር ያሰብኩት። «ሁለቴ የወጣሁት ተራራ» ብዬ ኮምፓሱን ከቦርሳ ሳላወጣ ሰፊውን መንገድ ያዝኩ። ደስ የሚል መንገድ ነበር፣ ለስላሳ፣ ቁልቁል። ከአርባ ደቂቃ በኋላ ከጭጋጉ በታች ስወጣ ፏፏቴ የለም። ቦውደርዴል የሚባል ረጅም ባዶ ሸለቆ ውስጥ ነኝ፣ ወደ ሰሜን። መኪናዬ በደቡብ። ስልኩ በብርድ ባትሪውን ጨርሷል። ያለኝ ምርጫ የወረድኩትን መልሼ መውጣት ነበር፤ ሴድበር ስገባ ጨልሞ ነበር። ኮምፓሱን አንዴ ብቻ ባየው ኖሮ መርፌው ወደ ሰሜን እየሄድኩ መሆኑን ይነግረኝ ነበር። ኮረብቶቹ ሁሉ ስለሚመሳሰሉ ዓይን ብቻውን አይበቃም።

ስለዚህ የወረቀት ካርታ ግዙ፤ ኦርድናንስ ሰርቬይ የሚባለው የአገሩ የካርታ ድርጅት የሚያትመው ኦኤል 19 ነው። ስልክ ላይ ያለው ይረዳል፣ ግን ብቻውን አትመኑት። ጫፍ ላይ ስትደርሱ፣ ቀኑ ብራ ቢሆንም፣ መውረጃውን በኮምፓስ ለዩት። ጀማሪዎቹም ይሞክሩ።

እኔ የምወደው ዙር በፏፏቴው ወርዶ በወንዙ ዳር ወደ ሴድበር መመለስ ነው፣ ስልኬ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ቆጥሮልኛል። ኮትሊ ስፓውት በአንዴ አይወርድም፣ እየተቀባበለ በጠቅላላው 200 ሜትር ገደማ ይወርዳል። አጠገቡ ያለው መንገድ ቀጥ ያለ ቁልቁለት ነው፣ ዝናብ ከነካው ድንጋዩ ያንሸራትታል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ካለ በመጣችሁበት ተመለሱ፤ እውነቴን ነው፣ እይታው ሲመለሱም ያምራል።

ሰዓት ስትቆጥሩ ኔይዝሚዝ የተባለ ስኮትላንዳዊ በ1892 ያወጣት ስሌት አለች፦ ለየ5 ኪሎ ሜትሩ አንድ ሰዓት፣ ለየ600 ሜትሩ አቀበት ሌላ አንድ ሰዓት። ለእናንተ አምስት ሰዓት ገደማ ይመጣል። ምሳ፣ ፎቶና የጀማሪ ትንፋሽ ሲጨመር ሰባት በሉት። በታኅሣሥ በአበሻ ሰዓት ከቀኑ 10 ሳይሞላ ፀሐይ ትጠልቃለች፣ ስለዚህ ለመጀመሪያ ጊዜ ከግንቦት እስከ መስከረም ባለው ሂዱ። በበጋ ረጅም ሱሪ ልበሱ፣ ሣሩ ውስጥ መዥገር አለ።

ጅንስ አይሆንም፤ ከረጠበ አይደርቅም። ዝናብ መከላከያ፣ ተጨማሪ ሹራብ፣ የጭንቅላት ባትሪ፣ ፊሽካ። ለምግብ ዳቦ ቆሎና በሶ ከየትኛውም የሱፐርማርኬት ቸኮሌት ይሻላሉ፣ በፔርሙዝ ሻይ ካለ ደግሞ ጎረቤት በጎች ሳይቀሩ ይቀኑባችኋል።

አደጋ ቢደርስ 999 ደውላችሁ መጀመሪያ ፖሊስ፣ ከዚያ የተራራ አድን ቡድን (ማውንቴን ሬስኪው) በሉ። በጎ ፈቃደኞች ናቸው፣ ገንዘብ አያስከፍሉም። ኔትወርክ ሲደክም በጽሑፍ መልእክትም ማግኘት ይቻላል፣ ግን ቀድሞ መመዝገብ ያስፈልጋል፤ «ሬጅስተር» የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጽፋችሁ ከቤት ሳትወጡ ወደ 999 ላኩ።

መኪና ውስጥ ደረቅ ካልሲና ጋቢ ተዉ። የምትሄዱበትን ቀን እዚህ ጻፉልኝ፣ ቅዳሜ ከሆነ ምናልባት አምስተኛ እሆናለሁ።