ሱባሩ ደብልዩ አር ኤክስ ወይስ ቢኤምደብልዩ 330አይ? ለዴንቨሩ ወንድማችን

ሰላም ወንድሜ። አራቱንም ጎማ የሚያዞረውን የ2004 ደብልዩ አር ኤክስ ልግዛ ወይስ በኋላ ጎማ የሚገፋውን የ2003 330አይ፣ ዋጋቸው ተቀራራቢ ነው፣ ሁለቱም ማንዋል ናቸው ብለሃል። እኔ 330አዩን እልሃለሁ። ሱባሩውን የምትወስደው ፋብሪካ እንደሠራው ያለ፣ ምንም ያልተነካካና የጥገና ደረሰኙ የተሟላ ከሆነ ብቻ ነው። የፈረስ ጉልበታቸው የሱባሩው 227፣ የቢኤምደብልዩው 225 ነው፤ ዴንቨር ከፍታ ላይ ግን ቱርቦ (አየር ወደ ሞተሩ የሚገፋ መሣሪያ) የሌለው ቢኤምደብልዩ 15 በመቶ ገደማ ያጣል። ይሁን። የቢኤምደብልዩው ዋና በሽታ ከሞተሩ ውጭ ያለ ፕላስቲክ ነው፣ በጊዜ ከተቀየረ ያልቃል። የሱባሩው በሽታ ሞተሩና ካምቢዮው ውስጥ ነው።

1. ሱባሩው ጋ ስትሄድ ቦኔት ከመክፈትህ በፊት ጎማውን ለካ። የአራቱ ጎማ ጥርስ ልዩነት ከ2/32 ኢንች መብለጥ የለበትም፣ ዓይነታቸውም አንድ መሆን አለበት። "ሁለቱን ብቻ ቀይር ይበቃል" የሚሉ ጎማ ቤቶች ስንት መኪና አበላሽተዋል! የፊትና የኋላ ጎማ ዙሪያው ከተለያየ ካምቢዮው ውስጥ ያለው የመሃል ዲፈረንሻል (ጉልበቱን ለፊትና ለኋላ ጎማ የሚያከፋፍለው) ቀጥ ባለ መንገድ ላይም ሲፋተግ ይውላል፣ ይግላል፣ በመጨረሻ ይይዛል። 20 ደቂቃ ከነዳህ በኋላ ባዶ ፓርኪንግ ግባ፣ መሪውን እስከ ጥግ አዙርና ነዳጅ ሳትሰጥ በአንደኛ ማርሽ ዙር። ፍሬን እንደተያዘ ከጎተተህ ትተኸው ሂድ።

2. የሱባሩው የታይሚንግ ቺንጋ (ባልቦላዎቹን ከፒስተኖቹ ጋር የሚያናብበው) በ105,000 ማይል ይቀየራል፤ ከተበጠሰ ባልቦላና ፒስተን ይጋጫሉ። ደረሰኙ ላይ ዋተር ፓምፕና ቴንሽነር (ቺንጋውን የሚወጥረው) ከሌሉ በግማሽ የተሠራ ሥራ ነው። ሻጩ ሞተሩን ቀድሞ እንዳያሞቀው ንገረው፤ ቀዝቃዛውን ስታስነሳ ከታች የሚንኳኳ ድምፅ ከሰማህ ኩሽኔታው (ሞተሩ ውስጥ የሚሽከረከረውን ዘንግ የሚይዘው) አልቆ ሊሆን ይችላል።

3. ቢኤምደብልዩው። የሙቀት ቀስቱን አትመን። ከ75 እስከ 115 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ መሃል ላይ እንዲቆም ሆኖ ነው የተሠራው፣ ከዚያ ሲነቃነቅ ረፍዷል። ብሎኩ አሉሚኒየም ስለሆነ አንዴ ከፈላ የቴስታታው (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ብሎኖች የሚይዙበት ጥርስ ሊበላ ይችላል፣ ያኔ ጋርኒሲዮን (በመካከላቸው ያለውን ማሸጊያ) መቀየር ብቻ አያድነውም። ኦቢዲ ማንበቢያ (የመኪናውን ኮምፒውተር የሚያነብ ትንሽ መሣሪያ) ከስልክህ ጋር አገናኝና እውነተኛውን ዲግሪ እይ። ሃይዌይ ላይ 80 ላይ ከቀረ ቴርሞስታቱ (የውሃውን ፍሰት እንደ ሙቀቱ የሚከፍትና የሚዘጋው) ተከፍቶ ቀርቷል። በገዛህበት ሳምንት ራዲያተሩን፣ ኤክስፓንሽን ታንኩን (የማቀዝቀዣ ውሃውን ትርፍ የሚይዘውን ጋን)፣ ዋተር ፓምፑን፣ ቴርሞስታቱንና ቱቦዎቹን በአንድ ላይ ቀይር፣ በየ60,000 ማይሉ ድገመው። አንዱን ብቻ ካደስክ ቀጥሎ ያረጀው ይፈነዳል። ውሃውን ስትሞላ ሞተሩን ሳታስነሳ ቁልፉን ክፈት፣ ማሞቂያውን እስከ መጨረሻው፣ ፋኑን ዝቅተኛው ላይ አድርግ፤ የአየር ማስወጫዋን ብሎን አላልተህ አረፋ የሌለው ውሃ እስኪወጣ ቀስ እያልክ ሙላ። ብሎኗ ፕላስቲክ ናት፣ ስታጠብቃት በጣት ኃይል ብቻ።

ቢኤምደብልዩውን ከኋላ በክሪክ ከፍ አድርገውና የኋላ አክስሉን የተሸከመው ብረት ከቦዲው ጋር የሚታሰርባቸውን አራት ቦታዎች በባትሪ መብራት እይ። እዚያ ላይ ብቻ ወፍራም አዲስ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ስንጥቅ ተደብቆ ሊሆን ይችላል። ፍሪሲዮን ስትለቅ ከኋላ "ቋ" ካለም ያንኑ ጠርጥር። የስንጥቁ ጥገና አክስሉን አውርዶ ብረት መበየድ ስለሆነ ከዋጋው ካልተቀነሰ አትንካው።

በረዶውን አትፍራ። አራት ጎማ ማዞር ለመነሳት እንጂ ለመቆም አይረዳም፤ 330አዩ ላይ አራት የክረምት ጎማ ግጠም። በአይ-70 ወደ ተራራው ከወጣህ ከሴፕቴምበር 1 እስከ ሜይ 31 በሞሪሰንና በዶትሴሮ መካከል የጎማ ጥርስ ቢያንስ 3/16 ኢንች ይጠየቃል፣ ሱባሩም ቢሆን።