ስለ «ሰርቪስ» ለጠየቅሽው

እህቴ፣ የ9ኛ ክፍል ልጅሽ ምንባብ ላይ «ዘይ ሜት አፍተር ዘ ሰርቪስ» የሚል አግኝቶ «ከሰርቪስ ወርደው ተገናኙ» አለ፤ አንቺ ደግሞ «ከአገልግሎት በኋላ» ብለሽ ተረጎምሽለት። ምንባቡ አያታቸው ስለሞቱባቸው ልጆች ከሆነ ሰርቪሱ መኪና አይደለም፤ የቀብሩ ጸሎት ነው፣ እኛ ፍትሐት የምንለው ዓይነት። ያንቺው ይቀርባል።

ልጁን ግን አትቆጪው። እኔ ሐዋሳ ሐይቁ ዳር ካለ ሆቴል ሪሴፕሽን ስሠራ የባሰ ነገር አድርጌያለሁ። አንዲት ፈረንጅ እንግዳ ቅዳሜ ማታ መጥታ ነገ ጠዋት ሰርቪስ ስንት ሰዓት እንደሆነ ጠየቀችኝ። «እሁድ ሰርቪስ የለም፤ ሰኞ 12 ሰዓት ከአቶቴ ይነሳል፣ እሱም ለሠራተኛ ብቻ ነው» አልኳት በኩራት። ሴትየዋ ዓይኗን አፍጥጣ ቀረች። ክፍል የምታጸዳው ልጅ ሰምታን ኖሮ «ኧረ ቤተ ክርስቲያን ነው የምትልህ!» ብላ አዳነችኝ።

ችግሩ እኛ ቃሉን ዕቃ አድርገነዋል። ኢንዱስትሪ ፓርኩ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህማ እዚህ ከተማ «ሰርቪስ አመለጠኝ» ያላለ ወጣት ያለ አይመስለኝም። ደላላ ጋ ስትሄጂ ደግሞ «ሰርቪስ ይከራያል» ይሉሻል፣ ከዋናው ቤት ጀርባ ያለችውን ክፍል። (ሁለት ዓመት ኖሬባታለሁ፤ ክረምት ላይ የቆርቆሮው ጩኸት ስልክ አያስወራም።) እንግሊዞቹ ግን መኪናውን «ስታፍ ባስ»፣ ክፍሏን «ሰርቫንትስ ኳርተርስ» ነው የሚሉት። ሥሩ የላቲኑ «ሰርቩስ» ነው፣ ባሪያ ማለት። ስለዚህ በእንግሊዝኛው ቀድሞ የሚመጣው የማገልገሉ ሥራ ነው፤ ሲቪል ሰርቪስ፣ የወታደር ሰርቪስ፣ የደንበኛ ሰርቪስ ሁሉም በ«አገልግሎት» ይተረጎማሉ። የቤተ ክርስቲያኑም እኮ አገልግሎት ይባላል።

«አገልግሎት» የማያዋጣበት ቦታም አለ። «ቲ ሰርቪስ» ካየ ከነማንቆርቆሪያው የሻይ ሲኒው ስብስብ ነው። ቴኒስ ላይ ኳሷን የማስጀመሪያው ምት ነው። ፍርድ ቤት ከሆነ መጥሪያ ማድረስ። የመኪናውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፣ ዘይት ቅየራና ፍተሻ። ሊፍት ላይ «አውት ኦፍ ሰርቪስ» ተለጥፎ ካየሽ በደረጃ ውጪ፣ ተበላሽቷል። ስልክሽ «ኖ ሰርቪስ» ካለ ኔትወርክ የለም።

ሂሳብ ላይ ያለውን ደግሞ ልብ በሉልኝ፣ እንግዶች ሁሌ የሚጨቃጨቁበት ነውና። ብዙ ሆቴል 10 በመቶ ሰርቪስ ቻርጅ ይጨምራል፤ ከዚያ 15 በመቶው ቫት የሚሰላው በድምሩ ላይ ነው። የ100 ብር ምግብ 110 ይሆንና 126 ብር ከ50 ይከፈልበታል።

ብዙ ቁጥር ሲሆን ሌላ ጣጣ አለው። እንግሊዝ አገር አውራ ጎዳና ላይ «ሰርቪስስ» የሚል ምልክት ካለ ነዳጅ፣ ምግብና መጸዳጃ ያለበት ማረፊያ ነው፤ እኛ ወደ አዲስ አበባ ስንሄድ ዝዋይ ላይ ወርደን ዓሣ እንደምንበላው።

ልጁ «ሰርቪስ»ን እንደ ግስ መጠቀም ከፈለገ ይጠንቀቅ። ሰውን «ሰርቭ» ያደርጉታል፤ «ሰርቪስ» የሚደረገው በአብዛኛው ማሽን ነው። እኔ የሥራ ማመልከቻ ላይ «የውጭ አገር እንግዶችን ለ6 ዓመት ሰርቪስድ» ብዬ ጻፍኩና ግብርና ኮሌጅ ለሚማር ጓደኛዬ አሳየሁት። ሳቁን መቆጣጠር አቃተው። ለካ እነሱ ዘንድ «ሰርቪስ» ኮርማ ላም ማጥቃቱ ነው፤ ላሟ እስክትፀንስ ስንት ሰርቪስ እንደፈጀባት እየቆጠሩ ይመዘግባሉ። ማመልከቻውን እዚያው አስተካክዬ ላክሁት።