«እሑድ ከቡድኑ ጋር ልውጣ ወይስ ትንሽ ልቆይ?» ላለችው እህታችን

ጥያቄሽን ሁለቴ አነበብኩት። ሳይክል ከገዛሽ አራት ወር ሆኖሻል። ብቻሽን ከሲኤምሲ አያት እየተመላለስሽ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ትነጃለሽ። እሑድ ጠዋት ተከታትለው የሚያልፉትን የሳይክል ክለብ ነጂዎች ስታዪ ልብሽ አብሮ ይሄዳል። ግን «ወደ ኋላ ቀርቼ ሸክም እሆንባቸዋለሁ፤ ሳይክሌም ያገለገለ ማውንቴን ነው፤ ሴትም ብዙ አላይም» ብለሽ ፈርተሻል። መጨረሻ ላይ ጉልበቴን ያመኛል ብለሻል። እሱን አልረሳሁትም፤ እመጣበታለሁ።

አጭሩ መልስ፦ ውጪ። በዚህ ሳምንት ውጪ። ብቻሽን አንድ ዓመት ብትነጂም ከቡድን ጋር መንዳትን አትማሪም። እሱ ከሰው ጋር ሆነሽ ብቻ የሚለመድ ነገር ነው።

የመጀመሪያ ቀኔን ልንገርሽ። ከስድስት ዓመት በፊት ነው። መነሻችን መገናኛ፣ መንገዱ ወደ ሰንዳፋ። እኔም እንዳንቺ የፈራሁት ወደ ኋላ መቅረትን ነበር። ስለዚህ ሳምንቱን ሙሉ ዳገት ስወጣ ከረምኩ። እውነትም በዚያ ጠዋት እግሬ አላሳፈረኝም። ከፊቴ ያለው ሰው ጎማ ሥር ተለጥፌ ደስ ብሎኝ እየነዳሁ ሳለ፣ ለገጣፎን እንዳለፍን አስፋልቱ ላይ ጉድጓድ አየሁ። ደነገጥኩ። ሁለቱንም ፍሬን ጨመቅኩ። ድምፅ አላወጣሁም፣ እጄንም አላነሳሁም። ከኋላዬ የነበረው ልጅ ጎማዬን መታውና ወደቀ።

እግዚአብሔር ይመስገን ከኋላ መኪና አልነበረም። ግን የልጁ መዳፍ ተልጦ ጠጠር ገብቶበታል። አንዷ ከኮዳዋ ውሃ እያፈሰሰች ጠጠሩን በጥፍሯ ጫፍ ታወጣለታለች። እሱ ጥርሱን ነክሶ ዝም ብሏል። እኔ አጠገባቸው ቆሜ አለቅሳለሁ። ሲጨርሱለት ቀና ብሎ አየኝና «አይዞሽ፤ ጉድጓዱን አንቺ አልቆፈርሽውም። በሚቀጥለው ግን ጩኺ» አለኝ።

ያቺ «ጩኺ» እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለች። ከኋላሽ ያለው ሰው መንገዱን አያይም። የሚያየው ያንቺን ጀርባ ነው። መንገዱን የምታዪለት አንቺ ነሽ። ቀስ ብላ የምትነዳ፣ ግን ምን እንደምታደርግ አስቀድማ የምታሳውቅ ሰው በማንኛውም ክለብ ትወደዳለች። ፈጣን ሆና ዝም ብላ የምትታጠፍን ግን ሰው ይሸሻታል። እኔ ራሴ እንደዚያ ዓይነት ሰው ኋላ መንዳት አልፈልግም።

ስለዚህ እስከ እሑድ ድረስ ዳገት አትለማመጂ። ይልቅ በአንድ እጅ መንዳትን ተለማመጂ። በአንድ እጅ ቀጥ ብለሽ እየሄድሽ ከኮዳሽ ውሃ መጠጣት፣ ወደ ጉድጓድ መጠቆም፣ ሳይክሉ ሳይወላገድ አንገትሽን አዙረሽ ኋላሽን ማየት። በኮሪደር ልማቱ አዲስ የተሠሩት የሳይክል መስመሮች ለዚህ ጥሩ ናቸው፤ ማለዳ ሰው ሳይበዛባቸው ሂጂ። መንገዱ ለመኪና ተዘግቶ «መንገድ ለሰው» የሚደረግበት እሑድ ከገጠመሽ ደግሞ የበለጠ ነው። በ2011 ዓ.ም. ሲጀመር ብዙዎቻችን ያለ ስጋት ዋና መንገድ መሃል የነዳነው ያኔ ነበር።

ከቡድኑ ጋር ስትሆኚ አንድ ነገር ከሁሉም በላይ ተጠንቀቂ። የፊት ጎማሽ ከፊትሽ ካለው ሰው የኋላ ጎማ ጎን አይግባ። ሰውየው ትንሽ ዘወር ቢል ጎማ ለጎማ ይነካካል። አብዛኛውን ጊዜ የሚወድቀው ከኋላ ያለው ነው። ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ሳምንታት የአንድ ሳይክል ርዝመት ያህል ራቂ። ከሰው ኋላ መንዳት ንፋሱን ስለሚሰብርልሽ ጉልበት ይቆጥባል፤ በደንብ ለተጠጋ ሰው እስከ ሲሶ ያህል ይሄዳል። ግን መጠጋቱ አሁን አያስፈልግሽም። ዓይንሽን ጎማው ላይ አትትከይ፤ በትከሻው በላይ አሻግረሽ እዪ። ዳገት ላይ ከኮርቻ ስትነሺ ሳይክሉ ለአፍታ ወደ ኋላ ይጎተታል፤ ከኋላሽ ሰው ካለ መጀመሪያ ፔዳሉን ጠንከር አድርገሽ ምቺና ከዚያ ተነሺ። ይህቺን ማንም ሳይነግረኝ ሁለት ዓመት ነድቻለሁ።

ቃላቱ ቀላል ናቸው። ጉድጓድ ሲሆን «ጉድጓድ!»፣ መኪና ሲመጣ «መኪና ከኋላ!»፣ ስትቆሚ «ቆምኩ!»። ከፊትሽ ያለው ሲጮህ ሰምተሽ ዝም አትበይ፤ ወደ ኋላ አስተላልፊው። የአዲስ አበባን መንገድ ታውቂዋለሽ። ክዳን የሌለው ማንሆል አለ። ረዳት ሳይታሰብ የሚከፍተው የታክሲ በር አለ። በክረምት ደግሞ ውሃ የሞላው ሁሉ ጉድጓድ ነው ብለሽ አስቢ፤ ጥልቀቱን አታውቂውም።

«ወደ ኋላ ብቀርስ?» ላልሽው። አዎ፣ ትቀሪያለሽ። ሁላችንም ቀርተናል። መጠየቅ ያለብሽ ክለቡ የቀረን ሰው ምን እንደሚያደርግ ነው። ቴሌግራም ግሩፓቸው ላይ ጻፊላቸው። «አዲስ ነኝ፤ በሰዓት 18 ኪሎ ሜትር ያህል እነዳለሁ፤ የሚጠብቀኝ ሰው አለ ወይ?» በያቸው። ደህና ክለብ ከሁሉም ኋላ ሆኖ የሚነዳ ሰው ይመድባል። ዳገት ጫፍና መታጠፊያ ላይ ቆሞ ይጠብቃል። ርቀቱንና የሚነዱበትን ፍጥነት አስቀድሞ ይናገራል። «ነይ፣ ችግር የለም» ብቻ ብለው ርቀቱን ካልነገሩሽ ግን ሌላ ፈልጊ። ለውድድር የሚለማመዱ ቡድኖችም አሉ፤ እነሱ አይጠብቁም፤ ባይጠብቁም ጥፋት የለባቸውም። ሥራቸው እሱ ነው።

ዳገት ላይ ደግሞ ቡድን የሚባል ነገር የለም። እያንዳንዱ በራሱ እስትንፋስ ይወጣል። ከተማችን ራሷ ከባሕር ወለል 2,300 ሜትር በላይ ናት። እንጦጦ ጫፍ ከ3,000 ያልፋል። አየሩ ስስ ነው። ከውጭ የሚመጡ ጎበዝ ነጂዎች እንኳ የመጀመሪያ ሳምንት እንጦጦ ሥር ያለችውን ሽሮ ሜዳን ሳያልፉ ሲያለከልኩ አይቻለሁ። ቀላሉን ማርሽ ዳገቱ ከመጀመሩ በፊት አስገቢ። ዳገቱ መሃል ሆነሽ በኃይል እየረገጥሽ ማርሽ ብትቀይሪ ካቴናው (ሰንሰለቱ) ሊወልቅ ይችላል። መናገር እስኪያቅትሽ አትግፊ። አንድ ዓረፍተ ነገር መጨረስ ከቻልሽ ልክ ነሽ።

አሁን ስለ ምግብ። ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። በሦስተኛ ወይ በአራተኛ ጉዞዬ ቢሾፍቱ ሄድን። ፈጣን መንገዱ ላይ ሳይክል ስለማይገባ በድሮው መንገድ፣ በዱከም በኩል። መሄጃው ከሞላ ጎደል ቁልቁል ነው፤ 45 ኪሎ ሜትር ያህል በርሬ ደረስኩ። ጎበዝ የሆንኩ መሰለኝ። ሐይቁ ዳር ሻይ ብቻ ጠጥቼ ተነሳሁ። ሲመለሱ ግን ያ የወረዱት 400 ሜትር ከፍታ በፀሐይ ቀስ እያለ ይከፈላል። ዱከምን እንዳለፍን እጄ መንቀጥቀጥ ጀመረ፤ ዓይኔ ብዥ አለ፤ እግሬ የኔ አልመስል አለኝ። ከሁሉም ኋላ ይነዱ የነበሩ አንድ ጋሼ ጎኔ መጥተው መልኬን አዩና «ውረጂ ልጄ» አሉኝ። ዛፍ ጥላ ሥር አስቀመጡኝ። ከጀርባ ኪሳቸው በፌስታል የተጠቀለለ የበሶ ጭብጦ አውጥተው ቆርሰው ሰጡኝ። ማር አለው፣ ጨው አለው። እስክጨርስ ቆመው አዩኝ። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ዓይኔ ተገለጠ።

ከዚያ ወዲህ ያለ በሶ አልወጣም። ሳይርብሽ ብዪ፣ ሳይጠማሽ ጠጪ። በየግማሽ ሰዓቱ ትንሽ ትንሽ። ሙዝ፣ ቴምር፣ ጭብጦ፣ የሚቀልሽን ያዢ። ቆሎ እየነዱ አይሆንም፤ ያንቃል። የምትጾሚ ከሆነ ደግሞ ጾምሽን ጠብቂና ርቀቱን ቀንሺ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ሳትበዪ ረጅም ጉዞ አትውጪ። ለክለቡም ንገሪያቸው፤ እዚያ ውስጥ የሚጾም ብዙ ነው፤ አጭር መንገድ አብሮሽ የሚወጣ አታጪም።

ስለ ሴትነት ያልሽውን በቀጥታ ልመልስ። እኛም አለን፤ ቁጥራችን ግን ገና ነው። ለከፋ አለ። ብቻዬን ስነዳ የምሰማው በቡድን ስነዳ ከምሰማው ጋር አይወዳደርም፤ በቡድን ሲሆን አብዛኛው ይጠፋል። ለእኔ ከቡድን ጋር ለመውጣት ዋናው ምክንያት ይሄ ነበር፤ አሁንም ነው። ስፖንጅ ያለው የሳይክል ቁምጣ ግዢ። ከሥሩ ፓንት አይለበስም፤ ስፌቱ ነው የሚልጠው። ቁምጣው ብቻውን ካሳፈረሽ ከላይ ቀለል ያለ ሱሪ ደርቢበት፤ እኔ ሁለት ዓመት እንደዚያ ነው የለበስኩት። ሰፊ ሱሪ ከሆነ ግን የቀኝ እግሩን በላስቲክ እሰሪው፤ ካቴናው ይነክሰዋል። ነጠላም ሆነ ሻርፕ አንገት ላይ አይሁን። ሽንት ቤትን በተመለከተ ሰንዳፋም ሱሉልታም ካፌዎች አሉ። የት እንደሚቆም አስቀድመሽ ጠይቂ። ውሃ መጠጣት ፈርተሽ እንዳትደርቂ።

ያገለገለ ሳይክል ማንም አይንቅብሽም። የሚታየው ፍሬኑ ነው። ሁለቱም ፍሬኖች ይያዙ፤ የጎማው ጎን የተሰነጠቀ አይሁን። ማውንቴን ከሆነ ጥርሳሙን ጎማ ለስላሳ አስደርጊው፤ አስፋልት ላይ ልዩነቱ ብዙ ነው። ሄልሜት ግን የግድ ነው። ያለ ሄልሜት የሚያስወጣ ክለብ ካየሽ አትሂጂ።

አንድ ትርፍ ካላማዳሪ (ጎማው ውስጥ ያለው፣ አየር የሚሞላው ላስቲክ)፣ ጎማ ማውለቂያና ትንሽ ፓምፕ ያዢ። እሑድ በ12 ሰዓት የተከፈተ ጎሚስታ አታገኚም። መቀየሩን ባትችዪ የሚቀይርልሽ ሞልቷል፤ ካላማዳሪው ግን ያንቺ ሳይክል ቁጥር መሆን አለበት። ቁጥሩ ጎማው ጎን ላይ ተጽፏል፤ ፎቶ አንሺውና ይዘሽ ሂጂ። ጠጋኞቹ ጋ «ካቴና»፣ «ካላማዳሪ» ብለሽ ብትጠይቂ ይሻላል፤ ከጣሊያን ዘመን የቀሩ ቃላት ናቸው፤ በእንግሊዝኛ ከጠየቅሽ አንዳንዱ ግራ ይገባዋል።

ለመጀመሪያ ቀን ሱሉልታን አትምረጪ። ዳገቱም ሲኖትራኩም አንድ ላይ ይመጣብሻል። በለገጣፎ አቅጣጫ የሚወጣ ሠላሳ አርባ ኪሎ ሜትር ደርሶ መልስ ፈልጊ፤ ለቤትሽም ቅርብ ነው። ከተማው ሲያልቅ ልጆች ይሮጡልሻል፤ አንዳንዱ እጁን ሊያስጨብጥሽ መንገድ ላይ ይገባል። ሰላም በያቸው፤ እጅሽን ግን ከመሪው አታንሺ። ውሻ ካባረረሽ ቀጥ ብለሽ ሂጂ፤ በድንገት አትታጠፊ፤ ከኋላሽ ሰው አለ። 12 ሰዓት ከተባለ 12 ሰዓት ነው፤ ሩብ ጉዳይ ድረሺ። አስተባባሪውን ፈልገሽ «ዛሬ የመጀመሪያዬ ነው» በዪው። ይህችን አትደብቂ። አዲስ መሆንሽን ካወቁ አንድ ሰው ከጎንሽ ይመድቡልሻል።

ጉልበትሽን በተመለከተ። ከጥያቄሽ ጋር በላክሽው ፎቶ ላይ ሳይክልሽን አየሁት፤ ኮርቻው በጣም ዝቅ ያለ መሰለኝ። ጀማሪ ሁሉ እግሩ መሬት እንዲነካ ብሎ እንደዚያ ያደርገዋል። ግድግዳ ተደግፈሽ ኮርቻው ላይ ተቀመጪ። ተረከዝሽን ፔዳሉ ላይ አድርጊና ፔዳሉን እስከ ታች አውርጂው። እግርሽ ቀጥ ማለት አለበት። ከታጠፈ ኮርቻውን አንድ ጣት ያህል ከፍ እያደረግሽ ድገሚው። ከዚያ ስትነጂ በእግርሽ ፊት ስለምትረግጪ ጉልበትሽ ትንሽ ብቻ ይታጠፋል፤ ትክክሉ እሱ ነው። ስትቆሚ ከኮርቻው ወደ ፊት መውረድ ይኖርብሻል፤ ሁለት ቀን ያስፈራል፤ ከዚያ ይለመዳል። ዛሬ ማታ አስተካክይውና ነገ ሲኤምሲን አንዴ ዙሪበት። ሕመሙ ከጉልበትሽ ፊት ለፊት ነው ወይስ ከኋላ? እሱን ጻፊልኝ፤ ከኋላ ከሆነ ከፍታውን አብዝተሽዋል ማለት ሊሆን ስለሚችል ትንሽ እንመልሰዋለን። ከፍ ዝቅ አድርገሽ ካልተወሽ ግን ሐኪም ይየው፤ እሑዱ ለሌላ ሳምንት ይቆያል።