ሙት ወቃሽም ሙት አወዳሽም ሳይሆኑ መጻፍ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ዕትም ስላረፉ ሙዚቀኛ ጓደኞች ትዝታ መጻፍን የሚመለከቱ ጥያቄዎችን ሰብሰብ አድርገን መልሰናል። ከከተማው ዳር ዳር የደረሱን ናቸው።

ጥያቄ (ከለገጣፎ)፦ ጤና ይስጥልኝ አዘጋጆች። የረጅም ዘመን ጓደኛዬ በ1970ዎቹና በ80ዎቹ የሮክ ጊታር ይጫወት ነበር። ካረፈ በኋላ ስለ ጓደኝነታችን መጽሐፍ ልጽፍ ተነሥቼ አርባ ገጽ ያህል ሄጃለሁ። መልሼ ሳነበው ግን ቀብሩ ላይ የተነበበውን የሕይወት ታሪክ ሆኖ አገኘሁት። ምን ይሻላል?

መልስ፦ የቀብር የሕይወት ታሪክ «ከአባታቸውና ከእናታቸው ተወለዱ» ብሎ ይነሣል፣ በትምህርትና በሥራ በኩል ያልፋል፣ «ሰው አክባሪና ለተቸገረ ደራሽ ነበሩ» ላይ ያርፋል። ለቦታው የሚገባ ጽሑፍ ነው፤ የሚሰማው ሐዘንተኛ ሟቹን ያውቀዋልና ቀሪውን ራሱ ይሞላል። መጽሐፍ የሚገዛው ሰው ግን ጓደኛዎን አይቶት አያውቅም። ስለዚህ ቀይ እስክሪብቶ ይያዙና አርባውን ገጽ ያንብቡት። የጓደኛዎን ስም አውጥተው የሌላ ሟች ስም ቢያስገቡበት እውነት ሆኖ የሚቀር ዓረፍተ ነገር ካገኙ ይሰርዙት። አሥር ገጽ ከተረፈልዎ ጥሩ ነው፤ መጽሐፉ የሚጀመረው ከዚያ ነው።

ቀጥሎ ምዕራፍ አይከፋፍሉ። በአንድ ወረቀት ላይ አንድ ትዕይንት ብቻ ይጻፉ፦ የት እንደነበራችሁ፣ ማን ማን እንደነበረ፣ እጁ ላይ ምን እንደያዘ፣ ምን እንደተባለ፣ እንዴት እንደተለያያችሁ። ስልሳ ሰባ ወረቀት ሲሞላ መሬት ላይ ዘርግተው ቅደም ተከተሉን ያኔ ይፈልጉ። አስቀድሞ ምዕራፍ የሠራ ሰው የጎደለውን ምዕራፍ ለመሙላት ሲል ያላየውን መጻፍ ይጀምራል።

ቀኑ ላይ ብዙ ትዝታ ጸሐፊ ይሰናከላል። የፈረንጆቹን ዓመት ወደ እኛ ስንመልስ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ሰባት፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን ስምንት እንቀንሳለን። «ዲሴምበር 1984» የሚል ፖስተርና «ማርች 1985» የሚል ደብዳቤ ሁለቱም የ1977 ዓ.ም. ናቸው፤ በጅምላ ስምንት የቀነሰ ሰው ግን አንዱን ዓመት ሁለት ያደርገዋል። ከእያንዳንዱ ወረቀት ጀርባ ሁለቱንም ቀኖች ይጻፉ፤ ሰዓቱንም እንዲሁ። የውጭ ፖስተር ላይ ያለው ስምንት ሰዓት በእኛ ከምሽቱ ሁለት ነው።

ትዝታዎን በሚታወቅ ነገር ይፈትኑት። የሙዚቃ አሳታሚው የአምሃ እሸቴ ሸክላዎች መውጣት የጀመሩት በፈረንጆቹ 1969 ነው፤ ከዚያ በፊት አዲሱን የአምሃ ሸክላ እንደገዛ የሚያስታውስ ሰው ወይ ዓመቱን ወይ ሸክላውን አምታቷል። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ነበር፤ ሙዚቃ ቤት ያመሸ ሰው በር ተዘግቶበት እዚያው ያነጋ ነበር። እንግዲህ በዚያ ዘመን «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ጊታሩን አንጠልጥለን በእግራችን ወደ ቤት ገባን» የሚል ገጽ ካለ እንደገና መታየት አለበት። ትዕይንቱን መጣል የለብዎትም፤ ምናልባት ሲነጋጋ ነበር።

ስለ ኢትዮጵያ ዘመናዊ ሙዚቃ ታሪክ ሁለት ምዕራፍ አይጻፉ። አሥመራ የነበረው የቃኘው ጣቢያ የአሜሪካኖች ሬዲዮ ሮክና ሶል እንዳሰማን፣ ዓለማየሁ እሸቴ «የኢትዮጵያው ኤልቪስ» እንደተባለ አንባቢው ያውቃል። ሁለት አንቀጽ ይበቃል።

ቦታውን ለእጁ ይስጡት። ሙዚቃ በወረቀት አይሰማም፤ እጅ ግን ይታያል። ቀጭን ክር ነበር የሚያስረው (የመጀመሪያው ክር 0.009 ኢንች) ወይስ ወፈር ያለ 0.010? ክሩን ገፍቶ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ በስንት ጣቱ ይደግፈው ነበር? ጊታሩን ግማሽ ድምፅ አውርዶ ይቃኝ ነበር? ክር በጠፋ ጊዜ የቤዙን ክር ቀቅለው ቆሻሻውን አስለቅቀው ይመልሱት ነበር? እንዲህ ያለው ዝርዝር «ድንቅ ጊታሪስት ነበር» የማይሠራውን ይሠራል። ሮኩን ከትዝታ ቅኝት ጋር ያዛምድ ከነበረ ምክንያቱን በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስረዳት ይቻላል፦ የትዝታ ሜጀር ድምፆች ዶ፣ ሬ፣ ሚ፣ ሶል፣ ላ ናቸው፤ እነዚሁኑ ከላ ጀምረው ቢደረድሯቸው የሮክና የብሉዝ ጊታሪስት ውሎ የሚያድርበት ስኬል ይሆናሉ። አንቺሆዬና አምባሰል ላይ ግን እጁ መንገድ መቀየር ነበረበት። እዚያ ሲቸገር አይተውት ከሆነ ይጻፉት።

የባንዱን አባላት ለየብቻ ያነጋግሯቸው። አንድ ጠረጴዛ ከከበቡ ድምፁ ጎላ ያለው የተናገረው የሁሉም ትዝታ ሆኖ ይወጣል። «ምን ዓይነት ሰው ነበር?» ብለው አይጠይቁ፤ መልሱ የቀብሩ ንባብ ነው። አምፕሊፋየሩን ማን ይሸከም እንደነበር፣ ገንዘቡ እንዴት ይካፈል እንደነበር፣ የመጨረሻው ጠብ በምን እንደተነሣ ይጠይቁ።

ጥያቄ (ከኮዬ ፈጬ)፦ የባንዱ ልምምድ የተቀዳባቸው አሮጌ ካሴቶች አሉኝ። መሐል መሐል ላይ ወሬያችንም አለበት። ሳላበላሻቸው ወደ ኮምፒውተር እንዴት ልገልብጣቸው?

መልስ፦ ከሁሉ በፊት በካሴቱ ጀርባ ጠርዝ ላይ ያሉትን ሁለት ትንንሽ የፕላስቲክ ጥርሶች ይስበሩ። ከዚያ ወዲያ በስህተት ሪኮርድ ቢጫን እንኳ አይቀዳበትም። በአንዳንዱ ካሴት ውስጥ ክሩን ወደ ማጫወቻው ሄድ (ድምፁን ወደሚያነበው ክፍል) የሚገፋው ትንሽ ስፖንጅ ሙጫው ደርቆ ይወድቃል፤ ሲወድቅ ድምፁ ሩቅና የታፈነ ይሆናል። ካሴቱ በአምስት ብሎን የታሰረ ከሆነ ተከፍቶ ይስተካከላል። የተበየደ ከሆነ ቀፎው በጥንቃቄ ተሰብሮ ክሩ ወደ ባለ ብሎን ቀፎ ይዛወራል። ባለ 120 ደቂቃው ክሩ በጣም ስስ ስለሆነ በቀላሉ ይለጠጣል፤ እሱን ባለሙያ ቢነካው ይሻላል።

የማጫወቻውን ሄድና የላስቲክ ጎማውን በአልኮል (90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነውን) በነከሩት ጥጥ ይጥረጉ፤ እስኪደርቅ ይጠብቁ። በእናንተ ሰፈር አቧራው የሚታወቅ ነውና ከየካሴቱ በኋላ ይድገሙት። ካሴቱን ከማጫወትዎ በፊት አንድ ጊዜ እስከ ዳር አሂደው ይመልሱት፤ ለዓመታት የተጣበቀው ጥቅል ይላቀቃል። ሲጮህ ወይም ሲያንቋርር ከሰሙ ወዲያው ያቁሙ።

ከማጫወቻው መስመር መውጫ ወደ ኮምፒውተሩ መስመር መግቢያ በኬብል ያገናኙ፤ የማይክ መግቢያው ድምፁን ያጨናንቀዋል። ኦዳሲቲ በሚባለው የድምፅ መቅጃ ፕሮግራም በ48 ኪሎኸርዝና በ24 ቢት፣ በዌቭ ፋይል ይቅዱ። የአንድ ሰዓት ካሴት አንድ ጊጋባይት ያህል ይይዛል። ኤምፒ3 ኋላ ለማዳመጫ ይደርሳል። ልኩ ከፍ ሲል በፕሮግራሙ የድምፅ መለኪያ ላይ ካለው ቀይ ስድስት ዲሲቤል ያህል ዝቅ ብሎ ይቅር፤ የተቆረጠ ድምፅ አይመለስም። ላፕቶፑን ከቻርጀሩ ነቅለው በባትሪ ያሠሩት፤ ብዙውን ጊዜ እዝዝታው የሚመጣው ከቻርጀሩ ነው። ማታ ማታ ጎረቤት ሁሉ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጥድ ኃይሉ ይወርዳል፤ ሲብስበት የማጫወቻው ሞተርም ይጎተታል። የእንጀራ ሰዓት ሲያልፍ ይቅዱ።

ፍጥነቱ ትክክል መሆኑን ማወቂያ አንድ መላ አለ። ባንዱ በመብራት አምፕሊፋየር የተለማመደ ከሆነ ዝም ባለበት ቦታ ላይ የአምፕሊፋየሩ እዝዝታ ተቀድቷል፤ የአገራችን መብራት ደግሞ 50 ኸርዝ ነው። ያንን ዝምታ በኦዳሲቲ መርጠው የድግግሞሽ ትንተናውን (ፕሎት ስፔክትረም) በትልቁ መጠን ያሠሩት። የግራፉ ጉብታ በ50 ፈንታ 53 ኸርዝ ላይ ከቆመ ካሴቱ 6 በመቶ ፈጥኗል፤ ይህም አንድ ሙሉ ግማሽ ድምፅ ነው። ጓደኛዎ ያልተጫወተውን ቅኝት እየሰሙ ነው ማለት ነው። እዝዝታው ከራስዎ ማጫወቻ የመጣ እንዳይሆን ካሴቱን አቁመው ጥቂት ሰከንድ ቀድተው ያወዳድሩ።

ወሬውን ሲጽፉ የደቂቃውን ቁጥር ጎን ለጎን ይያዙ። ጓደኛዎ በራሱ አንደበት የተናገረው አንድ ገጽ፣ እርስዎ ከትዝታዎ ከሚያናግሩት አሥር ገጽ ይበልጣል።

ጥያቄ (ከሰበታ)፦ የሟቹ ባለቤት ስለ መጠጡና ስለ ሕመሙ እንዳይጻፍ ትፈልጋለች። እኔም ሙት ወቃሽ መሆን አልፈልግም። ግን እሱን ካወጣሁት የመጨረሻዎቹ ዓመታት ባዶ ይሆናሉ።

መልስ፦ እርስዎ በነበሩበት የሆነውንና የሰሙትን ይለዩ። አብረው ሆስፒታል ደጃፍ ያደሩበት ሌሊት የእርስዎም ታሪክ ነው። መኝታ ቤቱ ውስጥ የተባለው የእርሷ ነው፤ እሱን ያውጡት። የሕክምና ወረቀት ላይ ያለውን የበሽታ ስም አለመጥራት አንድም ትዕይንት አያጎድልም። «ጠጪ ነበር» ከማለት ግን አንዱን ቀን መንገር ይሻላል፦ መድረኩ በስንት ሰዓት ይጠብቀው ነበር፣ በስንት ደረሰ፣ ማን ተካው። ከዚያ በኋላ ያለውን ፍርድ አንባቢ ይሰጣል፤ እርስዎም ወቃሽ አይባሉም።

ለባለቤቱ የሚመለከቷትን ገጾች ብቻ አትመው ይስጧት፤ በስልክ አያንብቡላት። የምትመልስበትን ቀን ተነጋገሩ። የቀን፣ የስምና የቦታ እርማቷን ሁሉ ይቀበሉ። በአስተያየት ከተለያያችሁ የእርሷንም ቃል በመጽሐፉ ማስገባት ይቻላል። ጓደኛዎ የጻፈልዎን ደብዳቤዎች ማስገባትን በተመለከተ ግን ጥንቃቄ ያስፈልጋል፦ የፍትሐ ብሔር ሕጉ ቁጥር 31 ተቀባዩ በምስጢር የተጻፈለትን ደብዳቤ ያለ ጸሐፊው ፈቃድ እንዳይገልጥ ይከለክላል። ወረቀቱ የእርስዎ ቢሆንም የደራሲነት መብቱ ወደ ወራሾቹ ስላለፈ የጽሑፍ ፈቃድ ይውሰዱ።

ጥያቄ (ከሱሉልታ)፦ የዘፈኖቹን ግጥም በየምዕራፉ መግቢያ ላይ ማስገባት እችላለሁ?

መልስ፦ ሙሉውን ያለ ፈቃድ አይችሉም። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የደራሲው መብት በሕይወት ዘመኑና ከሞተ በኋላ ለ50 ዓመት ይጠበቃል። ጸሐፊውንና ምንጩን ጠርቶ ለሐሳብዎ የሚያስፈልገውን ያህል ጥቂት ስንኝ መጥቀስ ይፈቀዳል፤ ለጌጥ ማስገባት ግን ሌላ ነው። ደግሞ ጓደኛዎ ጊታር ስለተጫወተበት ግጥሙ የእሱ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ግጥሙ የአንድ ሰው፣ ዜማው የሌላ፣ ቅንብሩ የሦስተኛ ሰው ነው። የካሴቱን ሽፋን ገልብጠው ስሞቹን ይመልከቱ። ፎቶም እንዲሁ ነው፤ ፈቃድ የሚጠየቀው ያነሣው ሰው ነው። አልበም ውስጥ ያለውን ፎቶ በስልክ አንሥተው ለማተሚያ ቤት አይስጡ፤ በስካነር በ600 ዲፒአይ ያስነሡት። ማተሚያው የሚፈልገው 300 ስለሆነ እጥፍ አድርጎ ለማሳደግ ይበቃል።

ጥያቄ (ከአቃቂ)፦ መጽሐፉ ስንት ገጽ ቢሆን ይመከራል?

መልስ፦ በኤ5 መጠን፣ በ12 ነጥብ ፊደል አንድ ገጽ 250 ቃል ያህል ይይዛል፤ አርባ ሺህ ቃል 160 ገጽ ነው። ማተሚያ ቤት በ16 ገጽ እየታጠፈ ስለሚጠርዝ 163 ገጽ ከመጣ ሦስቱን ይቀንሱ፤ አለዚያ ለባዶ ገጽ ይከፍላሉ። ፎቶዎቹን በየጽሑፉ መሐል ከመበተን በአንድ ስምንት ወይም 16 ገጽ ለስላሳ ወረቀት ላይ መሰብሰብ ይረክሳል፤ ጥቁርና ነጩም አይጨልምም። ወደ ማተሚያ ከመላክዎ በፊት አንድ ሰው ስሞችን ብቻ ይልቀም። «ኃይሉ» እና «ሀይሉ» በአንድ መጽሐፍ ሁለት ሰው ይሆናሉ።