«ተባለ» ካላችሁ ማን አለ?

ልጆች፣ እንደምን ከረማችሁ?

ባለፈው ሳምንት የጎረቤቴ ልጅ መጣች። «ጋሼ፣ ጋዜጠኝነትን ከፍልስፍና ጋር ልማር ብል ቤተሰቡ ሁሉ ሳቀብኝ» አለችኝ። እውነቱን ልናገር፣ እኔም ፈገግ አልኩ። ከዚያ የራሴ ጉድ ትዝ አለኝና ሳቄን ዋጥኩ።

ዜና ክፍል በገባሁ በመጀመሪያው ዓመት አንድ ፋብሪካ ሊዘጋ ነው «ተባለ» ብዬ ጻፍኩ። ወሬውን የሰማሁት ሻይ ቤት ነው። ፋብሪካው አልተዘጋም። በማግስቱ ግን አንዲት ሠራተኛ ቢሮ ድረስ መጥታ «ማን ነው ያለው?» አለችኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ በዓይኗ አልዞረም። መልስ አልነበረኝም።

አማርኛችን «ተባለ» የምትባል ለሰነፍ የምትመች ቃል አለችው። ተናጋሪውን ትደብቅላችኋለች። «ተገለጸ»፣ «ታወቀ»፣ «ተጠቆመ» እህቶቿ ናቸው። የጋዜጠኝነት መምህር ምንጭ ጥቀሱ ይላችኋል። የፍልስፍናው ደግሞ አንድ እርምጃ ይጨምራል፦ ምንጩስ በምን አወቀ? አይቶ ነው፣ ሰምቶ ነው ወይስ ገምቶ?

ጋዜጣ ላይ «ዜና ሐተታ» እንላለን አይደል? ሐተታ በግዕዝ መመርመር ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ኖረ የሚባለው ፈላስፋ (ንጉሡ አይደለም) የዘርዓ ያዕቆብ ጽሑፍም ስሙ ሐተታ ነው። ከአባቶች የሰሙትን ሳይመረምሩ ማመንን የሚነቅፍ ጽሑፍ ነው። የሚገርመው፣ ጽሑፉ ራሱ የምንጭ ጣጣ አለበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ ሚስዮናዊ ኢትዮጵያ ውስጥ አገኘሁት ብሎ የኢትዮጵያን የብራና መጻሕፍት ለሚሰበስበው ፈረንሳዊ ምሁር ለአንቷን ዳባዲ ላከው። በ1920 (እ.ኤ.አ.) ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ተነስቶ ጸሐፊው ሚስዮናዊው ራሱ ነው አለ። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፍልስፍና ያስተማሩት ካናዳዊው ክላውድ ሰምነር ደግሞ የለም፣ የኢትዮጵያዊ ሥራ ነው ብለው ለዓመታት ተከራከሩ። ክርክሩ ዛሬም አልበረደም። ለጋዜጠኛም ለፈላስፋም ከዚህ የተሻለ የቤት ሥራ አላውቅም።

ሁለቱን አብሮ የሚያስተምር ክፍል ካጣችሁ አንዱን ያዙና የሌላውን ሌክቸር ከኋላ ወንበር ተቀምጣችሁ ስሙ። የአንደኛ ዓመቱን የሎጂክ ኮርስ ደግሞ ሀንዳውት ሸምድዳችሁ ለግሬድ ብቻ አትለፉት። ፍልስፍና ብቻውን እንጀራ ይሆናል ብዬ አልዋሻችሁም። ፈላስፎችም ቢሆኑ ከኛ አጭር ዓረፍተ ነገር መጻፍ ቢማሩ አይጎዱም።

ትናንት ልጅቷ ደወለች። «ጋሼ፣ እርስዎስ ሐተታን ማን ጻፈው ይላሉ?»

«እኔ ወደ ዘርዓ ያዕቆብ አደላለሁ» አልኳት።

«በምን አወቁ?»

ቡና ሊፈላ ነውና ነይ፣ ቁጭ ብለን እናውራ አልኳት።