ቡሽ ወይስ የሚጠመዘዝ ክዳን? ለቤት ወይን ጠማቂዋ እህቴ

ሰላም እህቴ፣ ጥያቄሽን አሁን ነው ያየሁት። ከወይን ፍሬ የጠመቅሽው 20 ሊትር ጀሪካን ውስጥ አለ፣ ለፋሲካ ጠርሙስ ውስጥ ልትገለብጪው ነው፣ በቡሽ ይሻላል ወይስ በሚጠመዘዝ ክዳን ነው ያልሽው። እኔም አዳማ ነኝ፣ ሙቀቱን አብረን ነው የምንችለው። ሳላስረዝም፦ የሚጠመዘዘውን ያዢ። "ቡሽ ከሌለው ወይን አይባልም" የሚሉሽን አትስሚያቸው።

1. መጀመሪያ የጠርሙሱን አንገት እዪ። ከቆራሌው ወይም ከሆቴል የሚሰበሰበው ድብልቅልቅ ያለ ነው። ጥርስ (ክዳኑ የሚጠመዘዝበት መስመር) ያለውም አለ፣ የሌለውም አለ። ጥርስ የሌለው ለቡሽ የተሠራ ነው። ጥርስ ያለው አንገት ውስጥ ደግሞ ቡሽ በግድ አትክተቺ፤ ለዚያ ጫና ስላልተሠራ ሊሰነጠቅ ይችላል። ስለዚህ ጥርስ ያላቸውን ከነክዳናቸው ልቀሚ። ከነክዳናቸው ያልኩት የአንዱ ለሌላው ላይገጥም ስለሚችል ነው። የሃይላንድ ክዳንማ ጭራሽ አይሆንም።

2. ክዳኑን ገልብጠሽ ውስጡን እዪ። ስስ ክብ ነገር አለ፣ አየሩን የሚይዘው እሱ ነው። ከተጫረ ወይም የድሮ መጠጥ ሽታ ከያዘ ጣይው። የታችኛው ቀለበት መቆረጡ ችግር የለውም። ጠርሙሱን ውሃ ሞልተሽ ዝጊና ደረቅ ሶፍት ላይ ዘቅዝቀሽ አሳድሪው። ጠዋት ሶፍቱ ከረጠበ ያን ክዳን እርሺው። ፋብሪካ አዲሱን ክዳን በማሽን ጠርሙሱ ላይ አስጨንቆ ነው የሚያስረው፣ ስለዚህ ያገለገለ ክዳን ለዓመታት አይታመንም። ለፋሲካ ግን ይበቃሻል።

3. ቡሽን በተመለከተ፣ ሳስበው እስካሁን ደሜ ይፈላል። አንድ ሱቅ፣ ስሙን አልጠራም፣ "አዲስ ነው፣ ከውጭ የገባ" ብሎ በላስቲክ የታሰረ ቡሽ ሸጠልኝ። ቡሽ እኮ የዛፍ ልጣጭ ነው። ከደረቀ አለቀለት። ጠንክሮብኛል ስለው ሰውዬው "ቀቅለው፣ ይለሰልሳል" አለኝ። ይሄን ምክር ማንም ቢሰጥሽ እንዳትቀበዪ፣ መቀቀል ቡሹን ያበላሸዋል። ደህና ቡሽ ወደ 24 ሚሊሜትር ይወፍራል፣ የጠርሙሱ አንገት ግን 18 ወይም 19 ቢሆን ነው። ጨምቆ የሚያስገባ ማሽን ያስፈልገዋል፣ በመዶሻ አይሆንም። ማሽኑን ከዘመድ ተውሼ ሁሉንም በወጉ ደፈንኩ። ለአንድ ሁለት ቀን አቁሜ ከዚያ አጋደምኳቸው፣ ቡሹ እንዳይደርቅ እንደዚያ ነው የሚደረገው። ሙቀቱ ሲከር ወይኑ ሰፋ፣ ቡሾቹን ወደ ላይ ገፋቸው። ጓዳው ወለል ላይ ቀይ ነጠብጣብ፣ ዙሪያውን ትንንሽ ዝንብ። አንዱን ስከፍተው ቡሹ እንደ ደረቅ ዳቦ ተፈረፈረና ወይኑ ውስጥ ገባ፣ ሽታው የለየለት ኮምጣጤ! ቡሹን ይዤ ሱቁ ስሄድ ሰውዬው ከስልኩ ቀና እንኳ ሳይል "የተሸጠ ዕቃ አይመለስም" አለ። "ቢያንስ እየው" አልኩት። አላየውም። የዓመት ልፋቴ ነበር እኮ። ብሩ ሳይሆን ያ ንቀት ነው እስካሁን የሚያንገበግበኝ።

ይልቅ አንድ ነገር በደንብ አንብቢ። የሚጠመዘዝ ክዳን ጥሩነቱም አደጋውም አለማስተንፈሱ ነው። ወይኑ መፍላቱን ሳይጨርስ ከዘጋሽው ጋዙ መውጫ ያጣል፣ ጠርሙሱ ይፈነዳል። ቡሽ ቢያንስ ተስፈንጥሮ ይወጣል፣ ክዳን ግን ብርጭቆውን ነው የሚሰብረው። ልጆች ባሉበት ቤት ይሄ ቀልድ አይደለም። ሃይድሮሜትር (ወይኑ ውስጥ ተንሳፎ ስኳሩ ምን ያህል እንደቀረ የሚያሳይ መለኪያ) ካገኘሽ ንባቡ ከ1.000 በታች ወርዶ ለተከታታይ ቀናት ሳይንቀሳቀስ መቆየት አለበት። ከሌለሽ ትንሽ ወይን ሃይላንድ ውስጥ ሞልተሽ ዝጊና ሞቅ ያለ ቦታ ለጥቂት ቀናት አስቀምጪው። ጎኑን ስትጫኚው እንደ ድንጋይ ከጠነከረ ገና እየፈላ ነው፣ ታገሺ። አረፋው ስለቆመ ብቻ አትመኚ። ስትገለብጪም አተላውን አታነሳሺ፣ አፉ ላይ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ተዪ፣ ጠርሙሶቹን ደግሞ ከቆርቆሮው ርቆ ወለል ላይ፣ ጨለማ ውስጥ አስቀምጪ።

"እንግዳ ርካሽ ይመስለዋል" ላልሽው፣ አውስትራሊያ ክሌር ቫሊ ያሉ ወይን ጠማቂዎች በፈረንጆች 2000 ያመረቱትን ሪዝሊንግ የሚባል ነጭ ወይን ተሰባስበው በሚጠመዘዝ ክዳን ነው ያሸጉት። ምክንያታቸው ቡሽ ነበር፤ አንዳንዱ ቡሽ ወይኑን እርጥብ ካርቶን እርጥብ ካርቶን እንዲሸት ያደርገዋል። ዛሬ ኒውዚላንድ ውስጥ አብዛኛው ወይን በክዳን ነው። እኔም በገዛ እህቴ ሠርግ ላይ በክዳን የታሸገውን አቀረብኩ። አንድ የአክስቴ ልጅ ጠርሙሱን እያገላበጠ "የየትኛው ፋብሪካ ነው?" ብሎ ጠየቀኝ፣ ደረቴን ነፍቼ "የጓዳዬ" አልኩት።

ጠርሙሶችሽን አንገታቸው እንዲታይ አድርገሽ ፎቶ አንሺና እዚሁ ለጥፊው። የትኛው እንደሚሆን አይቼ እነግርሻለሁ።