መልስ፦ ከሥራ በኋላ አእምሮን የሚያሳርፍ ነገር

ወንድሜ፣ ባሕር ዳር ቢሮ ውለህ ማታ ጭንቅላትህ አልረጋ እንዳለ፣ ብዙ ወጪ የሌለው ማረፊያ እንደምትፈልግ ጽፈሃል። እኔ የሣር ስፌት ልበልህ። «የሴት ሥራ ነው» ብለህ እንዳታልፈው፤ እጅ ያለው ሁሉ ይችለዋል።

ወስፌ (መውጊያው)፣ ስንደዶና አክርማ (የሚሰፋባቸው ሣሮች) ካለህ በቂ ነው። ቀለም ከወደድክ አለላ፣ ማለትም ቀለም የተነከረ ሣር ጨምር። ሣሩ ደረቅ ከሆነ ስለሚሰበር ቀድመህ ውኃ አርከፍክፍበት። ከእምብርቱ ትጀምርና ዙሩን እየወጋህ፣ እያሾለክህ፣ እየሳብክ ታጠብቃለህ። ከቸኮልክ ይላላል፣ ይጣመማል። የምወደው ይህንን ነው፤ ሥራው ራሱ ቀስ ያስብልሃል። ሁለቱም እጅህ ስለሚያዝ ስልክ መነካካት የለም! በመሶብ አትጀምር፤ ትንሽ ሰፌድ ይሻላል። ሰፈርህ ያሉ እናቶችን «አስተምሩኝ» በላቸው። ደስ ይላቸዋል፤ ከቡናው ጋር ጨዋታውም አለ። ብቻውን ለሚውል ሰው ይህ ትልቅ ነገር ነው።

መቀመጥ ከሰለቸህ ደግሞ ጣና አጠገብህ ነው። ዩኔስኮ በ2015 እ.ኤ.አ. የጣና ሐይቅን አካባቢ በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት (ተፈጥሮው ከነዋሪው ኑሮ ጋር ተስማምቶ የሚጠበቅበት ቦታ) መዝግቦታል። በጠዋት በዳርቻው እየሄድክ ወፎቹን እይ፤ ፔሊካን፣ ዓሣ አሞራ፣ ዳክዬ። አቅርቦ ማያ መነጽር ባይኖርህም ግድ የለም። ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል ግን ጉማሬ ስላለ ሲመሽ ውኃው ዳር አትቁም።

እንቅልፍ እስከማጣት ከደረስክ ግን ሐኪም አማክር፤ ስፌቱን ጎን ለጎን ታስኬደዋለህ።